የተባረከው መዋኛ

በጃንሆይ ዘመን ነው። ከደብረ ታቦር ወደ መካነ ኢየሱስ በጭነት መኪና ስንሄድ የጨው ጆንያ ላይ ተቀምጫለሁ። ሚስቴ ስትጠራኝ የማይሰማው ጆሮዬ ለሰው ወሬ ሲሆን ይነቃል። ከጎኔ ከአዲስ አበባ የሚመለስ አንድ ግንበኛ አጠገቡ ለተቀመጡት ቄስ ያጫውታል።

«የመዋኛ ገንዳ ነበር የምሠራው፣ አባ።»

«ለከብት?»

«ለሰው። ሆቴል ውስጥ።»

«ወንዙ ምን ሆነና!»

«ይህን ሥራ ለመያዝ የገንዳ ሠሪዎች ማኅበር አባል መሆን ግድ ነው። ለመግባት አንድ ገንዳ ሠርቶ ለፈታኞች ማሳየት ነው፤ ያለፈ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል።»

«ያንተው አፈሰሰ?»

«ኧረ ጠብ አላለም! ውሃው ሲሞላ ግን እንዳገራችን ልማድ ቄስ ጠርቼ አስባረክሁ።»

«ደግ አደረግህ።»

«ምኑን ደግ! ወሬው ተሰማና ፈታኞቹ ሲመጡ በሽተኛው ማሰሮ ይዞ ገንዳውን ከቦታል። ጠበል ውስጥ ማን ይዋኝ? ባለሆቴሉ ውሃውን ወደ ቦይ ለቀቀው፤ ማኅበሩም የማይዋኙበት መዋኛ ሠራህ ብሎ አንቀበልህም አለኝ።»

«እግዚኦ!»

«አባ፣ የደብራችሁ የጠበል ገንዳ ያፈሳል ሲሉ ሰምቻለሁ። እኔ ልሥራላችሁ።»



«አለቃችን እኮ... ማኅበር ያልተቀበለውን ግንበኛ አመጣህብን ይሉኛል።»

«ያልተቀበሉኝ ስላስባረክሁ አይደለም ወይ?»

«አውቃለሁ፣ ልጄ። እሳቸው ግን ወረቀት ካላዩ ድንጋይ አያስነሡም።»

የጉና ተራራ ብርድ ሲመጣ የጋቢዬን ግማሽ በግንበኛው ጉልበት ላይ ጣል አደረግሁ።