የዘጠኝ ሳምንቱ ትምህርትና የአንድ ቀኑ

በላስ ጋቪያስ ወደብ ፎቶ ኮፒ የሚነሣው እኔ ሱቅ ብቻ ስለሆነ፣ የመንደሩ ኀዘን ሁሉ መጀመሪያ በእኔ እጅ ያልፋል። የጠፋ ዓሣ አጥማጅ ምስል፣ የሙት ዓመት ጥሪ፣ ለባሕር ኃይል የሚገባ ማመልከቻ፣ ያላባዛሁት የለም። ያን ሰኞ ግን በአንድ ሰዓት ሁለት የትምህርት ዕቅድ መጣልኝ።

አንደኛውን የያዙት ዶን ኦኖራቶ ሴዴንዮ ነበሩ። ሠላሳ አራት ዓመት አስተምረው ጡረታ የወጡ፣ እኔንም የማባዛት ሠንጠረዥን በአርጩሜ ያስጠኑኝ ሰው ናቸው። ሁለተኛውን የያዘችው ማንታ ከተማ ተምራ የተመለሰችው የመረብ ጠጋኙ ልጅ፣ ዳሊንዳ አንቹንዲያ ነበረች። ትምህርት ቤቱ አራት አሮጌ ኮምፒዩተሮች አግኝቶ፣ ለጀማሪዎች ድረ ገጽ መሥራት እንዲያስተምሩ ሁለቱን አንድ ላይ መድቧቸዋል። የተመዘገቡት ስድስት ሴቶች ናቸው። አንዷ ኤርሜሊንዳ ኪሂሄ ናት፤ ባሏ ሳንቶስ «ኒኛ ሮሳና» በምትባል ጀልባ ዓሣ ሊያጠምድ ከወጣ አሥራ ዘጠኝ ቀኑ ነበር። ፍለጋው ቆሟል።

ዳሊንዳ የእሳቸውን ወረቀት ከማሽኑ ላይ አንሥታ አነበበች።

«መምህር፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አንደኛ ሳምንት የኮምፒዩተር ታሪክ፣ ሁለተኛ ሳምንት የኮምፒዩተር ክፍሎች ይላል። ገጹ የሚሠራው መቼ ነው?»

«ዘጠነኛው ሳምንት ላይ ተጽፏል፣ ልጄ።»

«ኤርሜሊንዳ እኮ ዘጠኝ ሳምንት የላትም።»

«ፊደል ሳይቆጠር ዳዊት አይደገምም። እስቲ ያንቺን አሳዪኝ።»

የእሷ ግማሽ ገጽ ብቻ ነበር። በመጀመሪያው ቀን እያንዳንዷ ሴት አንድ ገጽ ትሠራለች፤ የሰውየው ስም፣ የጀልባው ስም፣ የሞተሩ ቁጥር፣ አንድ ፎቶ፣ ስልክ ቁጥር። በቃ።

«ይሄ ትምህርት ነው ወይስ የገበያ ግርግር?» አሉ ዶን ኦኖራቶ። «ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል ሲባል አልሰማሽም?»

«ሰምቻለሁ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ሲባልም ሰምቻለሁ።» ወደ እኔ ዞረች። «አንተ፣ ባለፈው ዓመት የጠፋችው የነሩፌርቶ ጀልባ በስንት ቀኗ ተገኘች?»

«በአርባ አንድ ቀኗ» አልኩ። «ኮስታሪካ።»

«ማን መሆናቸው እስኪታወቅስ ሦስቱ ሰዎች ስንት ቀን ሆስፒታል ተኙ? አሥራ ሁለት ቀን። መናገር አቅቷቸው። የሚፈልጋቸው ሰው መኖሩን የሚያይበት ቦታ ከሆስፒታሉ ሰው ያገኘ የለም። እኛ ደግሞ እዚህ ልብሳቸውን ቀብረን የለቅሶ ሾርባ እንጠጣ ነበር።»

በእኛ አገር አስከሬን ካልተገኘ በዘጠነኛው ቀን ልብስ በሣጥን ይቀበራል፤ ኤርሜሊንዳም የሳንቶስን ሸሚዝ ቀብራለች። ዶን ኦኖራቶ ከዐሥራ አንድ ዓመት በፊት የልጃቸውን የጆፍሬን ሸሚዝ ቀብረዋል። ሣጥኑን ከተሸከሙት አንዱ እኔ ነበርኩ፤ ቅለቱ እስከ ዛሬ ትከሻዬ ላይ አለ።

«ኀዘን ማብቂያ ያስፈልገዋል፣ ዳሊንዳ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ያቺን ሴት በተስፋ አንጠልጥለሽ ከተውሻት መቼ እንቅልፍ ይወስዳታል? እኔ ሸሚዙን ቀበርኩ፤ አለቀ።»

«አልቋል፣ መምህር?»

መነጽራቸውን አውልቀው ሲጠርጉ ቆዩ። ነገሩን ለማለዘብ ብዬ «የዳሊንዳ ዕቅድ በእርስዎ ይሞከራ፤ ከእርስዎ የባሰ ጀማሪ ከየት ይመጣል» አልኩ። ለቀልድ ነበር። እሳቸው ግን ይህችን ልጅ ላሳፍራት ብለው ይመስለኛል፣ እሺ አሉ።

በማግስቱ ጧት ትምህርት ቤት ከዳሊንዳ ጋር ሲሠሩ ውለው፣ ከሰዓት በኋላ ፍላሽ ጨብጠው መጡ። እንዲህ ፈጥነው ሲራመዱ ካየሁ ዓመታት አልፈዋል።

«ክፈተው» አሉ። «ሠራሁት። ጆፍሬ ነው፤ ያ ሰማያዊ ኮፍያ ያደረገበት።»

ከፈትኩት። ስሙ አለ፤ የጀልባውም ስም አለ። ፎቶው መኖር በነበረበት ቦታ ባዶ ሳጥን ቁጭ ብሏል።

«የት ሄደ?» አሉ። «እዚያ ነበረ። አይቼው ነው የመጣሁት።»

ዳሊንዳ ተከትላቸው ስትገባ ወደ እሷ ዞሩ። «ይኸው የአንድ ቀን ትምህርትሽ። ልጄን ሁለተኛ ጊዜ አጠፋሽብኝ።»

ፊቷ አመድ መሰለ። ግን አልሸሸችም።

«ጥፋቱ የኔ ነው። ገጹ ፎቶውን አይዝም፤ ፎቶው የት እንዳለ ብቻ ነው የሚናገረው። እርስዎ ገጹን ይዘው መጡ፣ ፎቶው ትምህርት ቤት ቀረ። አብረው መሄድ ነበረባቸው። ዕቅዴ ላይ አልጻፍኩትም።»

ሽማግሌው የራሳቸውን ዕቅድ ከኪሳቸው አውጥተው፣ ዘጠኙንም ሳምንት በጣታቸው እየተከተሉ አነበቡ።

«የኔም ላይ የለም» አሉ በመጨረሻ። «ኤርሜሊንዳን ስምንት ሳምንት አስተምሬያት፣ ይሄ ስሕተት የሚያገኛት ዘጠነኛው ላይ ነበር። ያኔም እዚያው ኮምፒዩተር ላይ ባሏን እያየች ደስ ብሏት ትሄዳለች፤ ሌላው ሰው የሚያየው ባዶ ሳጥን ነው።» እስክሪብቶ ጠየቁኝ። በዳሊንዳ ግማሽ ገጽ ግርጌ፣ በዚያ በሚታወቀው ቁም ጽሕፈታቸው እንዲህ ጻፉ፦ «ማንኛዋም ተማሪ ገጿን በሌላ ሰው ማሽን ላይ ከፍታ ሳታይ ወደ ቤቷ አትሂድ።» «ይሄ ካለበት እፈርማለሁ። ሰው የሚማረው ስሕተቱን ሲያይ ከሆነ፣ በመጀመሪያው ቀን፣ እኛ አጠገቧ ቆመን ይሁን።»

ሐሙስ ዕለት ኤርሜሊንዳ ገጿን ሠርታ እኔ ሱቅ መጥታ ከፈተችው። ሳንቶስ በቁመቱ የሚያህል ዓሣ ይዞ ይስቃል። ገጹ በዚያው ቀን በይነ መረብ ላይ ወጣ።

ከሳምንት በኋላ ከኮስታሪካ አንድ የወደብ ዘበኛ ጻፈላት። የሞተሩን ቁጥር አይቶ ነው። ጀልባዋ ተገልብጣ ተገኝታለች፤ ሰው አልነበረባትም።

ትምህርት ሙት ያስነሣል ብዬ አንባቢን አልዋሽም። ኤርሜሊንዳ እዚህችው ወንበር ላይ ተቀምጣ አልቅሳለች፤ እኔም አብሬያት አለቀስኩ። ሆኖም ዛሬ እሱን እየጠበቀች በየማለዳው ባሕር ዳር መቆሙን ትታለች፤ የቀበረችው ሸሚዝም የሞተ ሰው ሸሚዝ መሆኑን ታውቃለች። የስድስቱ ሴቶች ገጽ የሦስት መንደር ጀልባዎችን ይዟል። ነገ የኛ ሰው በባዕድ አገር ሆስፒታል ቢወድቅ፣ አንዲት ነርስ የጀልባውን ስም ጽፋ ቤተሰቡን ታገኛለች። ይህን ያህል ጥቅም በዘጠኝ ሳምንት ማዘግየት ኀጢአት ነበር።

ዶን ኦኖራቶ ሁልጊዜ ዐሥር ሰዓት ላይ ይመጣሉ፤ የሚባዛ ነገር ግን አይዙም። የጆፍሬን ገጽ እከፍትላቸዋለሁ። መልእክት መጣ ወይ ብለው ጠይቀውኝ አያውቁም።

«ፎቶው ይታያል?» ይላሉ።

«ይታያል፣ መምህር።»

ኮፍያቸውን አድርገው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ።