ተራው የማይሸጥ ጠረጴዛ

ወሬ እግር ባይኖረውም ደረጃ ይወጣል። በዚያ ሰሞን የልብስ ሰፊዎቹ ማኅበር እስከሚሠራበት ሦስተኛ ፎቅ ድረስ የወጣው ወሬ ደግሞ መሐል ላይ ዐረፍ እንኳ አላለም። «ከመጪው ወር ጀምሮ ኢንተርኔት ለትንንሾች ይዘጋል፤ በትልልቆቹ ጥላ ሥር ያልገባ ሰው ድረ ገጹ አይከፈትለትም» ይላል። «ማን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ ካውያ የያዘው መርፌ ወደያዘችው ይጠቁማል፣ እሷም ወደ ጥበቃው ትጠቁማለች። ጥበቃው ደግሞ «ኧረ እኔ ከእናንተው ነው የሰማሁት» ይላል።

ወሬውን መጀመሪያ ያፌዙበት፣ በኋላ ግን ከሁሉም ይልቅ የፈሩት የማኅበሩ ሊቀ መንበር ነበሩ። ሜትራቸው ከአንገታቸው ስለማይወርድ ሰው ሁሉ ጋሽ ሜትር ይላቸዋል፤ ባለቤታቸው እንኳ ካልተቆጡ በቀር በስማቸው አይጠሯቸውም።

ሐሙስ ጠዋት ጋሽ ሜትር አንድ ውል በሦስት ኮፒ ለማስነሣት ወደ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ወረዱ። ማሽኑ ወረቀት ጎርሶ አልለቅም ብሏል፤ ባለቤቱ የማሽኑን ሆድ ከፍቶ ይጎረጉራል። ሰልፍ ላይ ከፊታቸው የቆመችው ወጣት ዞር ስትል የእህታቸው ልጅ ሆና ተገኘች። ኮሌጅ ጨርሳ የኢንተርኔት መስመር በሚዘረጋ ድርጅት ውስጥ በቴክኒሺያንነት የምትሠራ ናት፤ የማኅበሩን ድረ ገጽ ከሁለት ዓመት በፊት የሠራችላቸውም እሷው ናት።

«አጎቴ! እንዴት አደሩ?»

«ደህና፣ ተመስገን። አንቺ ግን ሰው ቤት መምጣት ተውሽ አይደል? የዘረጋሽው ሽቦ ጠልፎ አስቀረሽ?»

«ሽቦውማ እርስዎ ዘንድ ደርሷል፤ የቀረሁት እኔ ነኝ። ጥፋቴ ነው፣ ይቅር ይበሉኝ። ምን ሊያስነሡ መጡ?»

አዛውንቱ ውሉን ወደ ጀርባቸው ሸሸግ አደረጉት። ወዲያው ግን እንደ ልጅ መሸሸጋቸው አሳፈራቸውና ሰጧት።

ውሉ አጭር ነበር። ማኅበሩ ድረ ገጹን ይዘጋል፤ አርባ አንድ ቅዶቹን ለአንድ ትልቅ የኢንተርኔት ገበያ ለዘለቄታው ያስረክባል፤ ገበያው በምትኩ ማኅበሩን በጥላው ሥር ያስገባል። የገበያው ወኪል በዚያው ቀን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ለፊርማ ይመጣል።

ቅድ ማለት ጨርቅ ከመቆረጡ በፊት በወረቀት የሚወጣ ልክ ነው። የእነ ጋሽ ሜትር ቅዶች ግን የትም የሚገኙ አልነበሩም። አንድ እጅ ያለው፣ ጀርባው የጎበጠ፣ ቀኑን በተሽከርካሪ ወንበር የሚውል፣ በአጭሩ ሱቅ የተሰቀለ ልብስ እምቢ ያለው ሰው ሁሉ የሚለብሰው የእነሱን ነው። ሃያ ሦስት ሰዎች ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ለክተው፣ ቀደው፣ ፈትተው፣ እንደገና ለክተው ነው ያወጧቸው።

«አጎቴ፣ ይህ እኮ ‹ለዘለቄታው› ይላል።»

«አንብቤዋለሁ። መነጽር አለኝ።»

«መነጽርዎን አይደለም የጠየቅኩት። ልብዎ አምኖበታል ወይ?»

«ልቤማ እያለቀሰ ነው» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ግን ሳይቃጠል በቅጠል ነው፣ ልጄ። በሩ ሲዘጋ ሃያ ሦስት ሰው ይዤ ውጭ ልደር? እኔ ሊቀ መንበር ነኝ።»

«በሩ እንደሚዘጋ ማን ነገረዎት?»

«ማስረጃ ካልሽ እንቺ! ድረ ገጻችን እምቢ ካለ ዐሥር ቀኑ ነው። ከፍቼው ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ገና ግማሽ እጅጌ ነው የሚታየኝ።»

ልጅቷ ስልኳን አውጥታ ከፈተችው። እውነትም ግማሽ እጅጌ መጣና ቆመ። አንድ ሁለት ነገር ነካክታ አየችና ቀና አለች።

«እነዚህን ሥዕሎች ማን ጫናቸው?»

«እኛው ነን!» አሉ ጋሽ ሜትር ደረታቸውን ነፍተው። «ካርታ የሚያትሙ ሰዎች ዘንድ ትልቅ ስካነር አለ። የዛሬ ዐሥር ቀን እያንዳንዱን ቅድ በሙሉ ልኩ አስነሥተን ጫንነው። ባለ ስካነሩ አሳንሱት ሊለን ሞክሮ ነበር፤ አፉን አስያዝነው። ቅድ አይቀነስም! የጣት ስፋት የቀነሰ ሰው ትከሻ ያንቃል።»

ልጅቷ እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«አትሳቂብኝ።»

«እየሳቅኩ አይደለም።»

«ትከሻሽ እየሳቀ ነው። እኔ ትከሻ አውቃለሁ።»

«እሺ ልክ ነዎት፣ ይቅርታ። አጎቴ፣ ሥዕሎቹ እጅግ ከባድ ናቸው፤ ገጻችሁን የከፈተ ሰው አንድ ኮት ልይ ሲል ቁም ሣጥኑን በሞላ ስልኩ ላይ ትደፉበታላችሁ። ማንም አልዘጋባችሁም፤ በሩ ላይ የቆማችሁት ራሳችሁ ናችሁ። ለማየት ትንሽ ሥዕል ይበቃል። ሙሉ ልኩ ላዘዘ ሰው ለብቻው ይላካል። ጥጉ ላይ ደግሞ የሣንቲ ሜትር መስመር አሰምርበታለሁ፤ ማንም ቅዱ ተቀነሰ አይልዎትም።»

ጋሽ ሜትር በአንገታቸው ያለውን ሜትር እያሻሹ አሰቡ። «ሣንቲ ሜትሩ ካለበትስ... ይሁን። እንግዲያው ወሬው ውሸት ነው በይኛ!»

የተማረ ሰው ያልተማረውን ፍርሃት ሁሉ ከንቱ ነው ማለት ይቀናዋል። ልጅቷ ግን አጎቷን ታከብር ነበርና በግማሽ እውነት ልታጽናናቸው አልፈለገችም።

«ውሸት ነው አልልም። ወሬው ከአንድ እውነተኛ ክር የተፈተለ ነው። ዛሬ መስመሩ የሚያልፍበትን ሁሉ ሳያበላልጥ ያሳልፋል፤ የኔትወርክ ገለልተኝነት የሚሉት ይህንን ነው። አሁን ይህ አሠራር ይቅር የሚል ረቂቅ ደንብ ቀርቧል። ከጸደቀ፣ መስመር ዘርጊው ድርጅት ለከፈለው ፈጣኑን መንገድ ሰጥቶ ሌላውን ወደ ኋላ ማስቀረት ይችላል። ግን ገና ረቂቅ ነው። ይዘጋል የሚልም፣ መጪው ወር የሚልም ቃል የለበትም። አስተያየት ያለው ሰው እስከ ነገ ዐሥራ አንድ ሰዓት በጽሑፍ ያቅርብ ነው የሚለው። አንብቤዋለሁ። እኔም መነጽር አለኝ።»

«ምላስሽ የእናትሽ ነው» አሉ አዛውንቱ። ቀጥለውም፣ «ደመወዝሽን የሚከፍልሽ መስመር ዘርጊው አይደለም እንዴ?» አሏት።

«ነው። ሽቦውን በደንብ እዘረጋለታለሁ። አሳቤን ግን አልሸጥኩለትም።»

«እኔ ግን ለድርጅቱ ልከራከርለት። መንገድ የሠራ ሰው በመንገዱ ቢያስከፍል ምን ነውር አለው?»

«ምንም። ብዙ የጫነ ብዙ ይክፈል። ሽቦ ከሰማይ አይወርድም፤ ጉድጓዱን የምቆፍረው እኔ ነኝ። ነውሩ፣ የእገሌን ጭነት አሳልፌ የእገሊትን ላቁም ሲል ነው።» ቀጥላም ጠየቀች፦ «ለመሆኑ የመቁረጫ ጠረጴዛችሁን ተራ ማን ነው የሠራው?»

ይህን ሲሰሙ ጋሽ ሜትር በአንድ ጊዜ ዐሥር ዓመት ከላያቸው ወረደ። ጠረጴዛው ሲነሣ ፊታቸው የማይበራበት ቀን የለም።

«ማን ይሠራዋል? እኔ ነኛ! ጠረጴዛው አንድ፣ እኛ ሃያ ሦስት። ቀድሞ የመጣ ቀድሞ ይቆርጣል፤ ሐርም ያምጣ ጆንያ። በጀመርን በሁለተኛው ዓመት አንድ ትልቅ ዩኒፎርም ሰፊ መጣና፣ ‹አዲስ መብራት ላስገባላችሁ፣ አዲስ ካውያ ልግዛላችሁ፣ ብቻ ምን ጊዜም የመጀመሪያው ተራ የኔ ይሁን› አለን። ካውያችን ያን ጊዜ ጨርቅ ያሳርራል። ግማሾቹ ይሁን አሉ።»

«እርስዎስ?»

«ጠረጴዛው የሚያውቀው ጨርቁን ነው፣ የጨርቁን ባለቤት አያውቅም አልኩት። ሄደ። በሚያሳርረው ካውያ ሁለት ዓመት ሠራን። የጎባጣውን ኮት ቅድ ያወጣችው መበለት ያን ጊዜ አዲስ ገቢ ነበረች። ተራውን ሸጠነው ቢሆን ጠረጴዛው አጠገብ አትደርስም ነበር።»

ከአፋቸው የወጣውን ቃል ጆሯቸው የሰማው ቆይቶ ነው። ልብስ ሰፊ ክሩን ካሾለኩለት በኋላ መርፌውን ራሱ ይስበዋል። ጋሽ ሜትር ግን ዐዋቂ ናቸውና በቀላሉ እጅ አልሰጡም።

«ቆይ። እኛም እኮ አንዳንዴ እናሳልፋለን። ለነገ ቀብር የሚለበስ ልብስ ከመጣ ተራ አይጠብቅም።»

«ያስከፍሉታል?»

«ሐዘንተኛ? እኔ ምን ነክቶኝ!»

«የሕይወት አድን መልእክት ቢቀድም እኔም አልከራከርም። በችግሩ ይቅደም፤ በኪሱ ግን አይቅደም። አጎቴ፣ ዛሬ ቢፈርሙ ከፈሩት ነገር ያመልጣሉ? የፈሩትን ነገር ራስዎ ማጽደቅዎ ነው። ዩኒፎርም ሰፊውን የመለሱት ሰው በወሬ ደንግጠው ለሌላው ጠረጴዛውን ከነቅዱ ሊሰጡት ነው። ደግሞስ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ይባል የለ?»

በዚህ መሐል ማሽኑ የጎረሰውን ተፋ። ባለቤቱ እጁን በጨርቅ እየጠረገ፣ «ጋሼ፣ ስንት ኮፒ?» አላቸው።

ጋሽ ሜትር ውሉን አንዴ፣ የእህታቸውን ልጅ አንዴ አዩ።

«ኮፒው ይቅርብኝ። ንጹሕ ወረቀት ስጠኝ፤ መስመር ያለው።»

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወኪሉ መጣ። ሰላምታው የሚያምር፣ ጨዋ ሰው ነበር። ሃያ ሦስቱም በጠረጴዛው ዙሪያ ቆመዋል፤ መበለቲቱ አንድ እጁን ላጣ የሩቅ ፖስተኛ ካፖርት እየቆረጠች ነበር። ፖስተኛው አገኘኋችሁ ብሎ የጻፈው ማንም ሳይመራው በኢንተርኔት ሲፈልግ ቆይቶ ነው። ወኪሉ ውሉን ዘርግቶ ለማስፈረም የጨርቁን ጫፍ ገፋ ማድረግ ሲጀምር፣ መበለቲቱ መቀሷን አነሣች።

«ልጄ፣ ጠረጴዛው ሥራ ላይ ነው» አሉት ጋሽ ሜትር በትሕትና። «ተራህን ጠብቅ። ወንበር ስጡት።»

ወኪሉ ተቀምጦ ጠበቀ። ካፖርቱ ተቆርጦ ሲያልቅ ጋሽ ሜትር ውሉን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው በጠመኔ ከጥግ እስከ ጥግ አንድ የስረዛ መስመር አሰመሩበት። «ልብሳችንን በገበያህ መሸጥ ከፈለግህ በደስታ፣ እንነጋገር። ቅዶቹንና በራችንን ግን አንሰጥም። መንገዱ ቢጠብብን እንኳ በራሳችን እግር እንሄድበታለን።»

ወኪሉ መስመሩን አየ፤ የቆሙትንም አየ። «እኔ መልእክተኛ ነኝ» አለ በመጨረሻ። «ግን እንዲህ ያለ መልስ ይዤ ስመለስ የመጀመሪያዬ ነው።» ካፖርቱን ዳሰስ አድርጎ፣ ሰላምታ ሰጥቶ ወጣ።

ከዚያ የአዛውንቱ ደብዳቤ ተነበበ። ማኅበሩ ረቂቁን የሚቃወምበትን ምክንያት ያስረዳል። አንዱ ዐረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «እኛን የሚፈልገን ሰው ሱቅ የተሰቀለው ልብስ ያልሆነው ነው፤ መስመሩ የከፈለውን ብቻ ቢያስቀድም ይህ ሰው እኛን አያገኘንም፣ እኛም እሱን አናገኘውም።» ሃያ ሦስቱም ፈረሙ። በማግስቱ ከዐሥራ አንድ ሰዓት በፊት ደብዳቤው ገብቶ ቁጥር ተሰጠው፤ ጋሽ ሜትር ቁጥሩን በጠመኔ ከመስኮቱ በላይ ጻፉት። ልጅቷም ሥዕሎቹን አሳንሳ፣ መስመር አሰምራ ጨረሰች። እጅጌው ሙሉ ሆኖ መጣ።

ረቂቁ ገና አልተወሰነበትም። ሆኖም የማኅበሩ ሰዎች ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ አተረፉ። ቅዳቸው እጃቸው ላይ ነው፤ ድረ ገጻቸው ዐይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ይከፈታል፤ ፖስተኛውንም ሦስት የሥራ ባልደረቦቹ ተከትለውታል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን፣ ወሬ ደረጃውን ሲወጣ ጋሽ ሜትር በር ላይ ቆመው እንደ ጨርቅ ይለኩታል፦ «ማን አለ? የት ተጽፏል? አስተያየት የሚቀበሉት እስከ መቼ ነው?» ብዙው ወሬ ከመጀመሪያው ጥያቄ አያልፍም። የሚያልፈው ደግሞ መልስ ይጻፍለታል።

የሰው መብት የሚወሰደው ሁልጊዜ በጉልበት አይደለም፤ ተወስዷል የሚለውን ወሬ አምኖ በገዛ እጁ የሚያስረክብ ብዙ ነው። ስለዚህ ጠይቆ መረዳት፣ ተረድቶም በጊዜው መናገር የትንሽ ሰው ትልቅ ሀብት ነው።

ጋሽ ሜትር ይህንን ሲሰሙ ነገሩን ያሳጥሩታል። እንግዳ በመጣ ቁጥር የተቧጨረውን ጠረጴዛ በመዳፋቸው መታ መታ ያደርጉና፣ «ብዙ ነገር እንሸጣለን፣ ልብስ፣ ጥገና፣ ምክርም ጭምር» ይላሉ ቀና ብለው። «ተራ ግን አንሸጥም።»