የጎማ መተንፈሻው ዛፍ

ከአሶሳ ወደ ኩርሙክ የሚወርድ ሹፌር ሁሉ ፀሐይ አናት ላይ ስትደርስ አንድ ትልቅ የሁመር ዛፍ ሥር ይቆማል። ቦታውን «መተንፈሻ» ይሉታል። የሚተነፍሰው ግን ሰው ሳይሆን ጎማ ነው። በሙቀት የተነፋ ጎማ ይፈነዳል ተብሎ ስለሚታመን፣ ሹፌሩ ቫልቮላውን በሚስማር ጫን አድርጎ ንፋስ ይቀንስለታል። መቼ እንደተጀመረ የሚያውቅ የለም፤ ልማድን ማን ጀመረህ ብሎ የሚጠይቀው የት ተገኝቶ!

አቶ ሌንጂሳም የዚያን ቀን ሚኒባሳቸውን እዚያው አቆሙ። የባምባሲ ሰው ናቸው፤ ሠላሳ ዓመት ነድተዋል። ከጎናቸው ልጃቸው ሎዛ የአራስነት ወራቷን ጨርሳ ከነሕፃኗ ወደ ባሏ እየተመለሰች ነው። አንዱ የኋላ ጎማ ተነፍቶ ስለታያቸው ገና አሶሳ መውጫ ላይ አስተንፍሰውታል። ለሌሎቹ ሚስማራቸውን ሲያወጡ፣ ጥላው ሥር መኪና ስትጠብቅ የነበረች ወጣት ብድግ አለች። ቤዚ ትባላለች፤ የፓዌ ልጅ ናት፤ መካኒክነት ተምራ ኩርሙክ ጋራዥ ልትቀጠር ነው የምትሄደው።

«ኦቦ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አያስተንፍሱት።»

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አንቺ ሳትወለጂ ይህን መንገድ ነድቼዋለሁ።»

«ልምድዎን አልንቅም። ግን ጎማ ፈንድቶብዎት አያውቅም?»

አቶ ሌንጂሳ ወደ መንገዱ ዞረው አዩ። አምና ከዚህ ዛፍ ትንሽ አለፍ ብሎ መኪናቸው ተገልብጦ ታናሽ ወንድማቸው ቶኩማ አንድ እግሩን አጥቷል።

«አንዴ ፈንድቷል» አሉ። «ዘግይቼ ስላስተነፈስኩት ነው።»

«የፈነዳው ከማስተንፈስዎ በፊት ነው ወይስ በኋላ?»

«በኋላ» አሉ፤ ድምፃቸው ቀነሰ።

«እስቲ አሶሳ ያስተነፈሱትን ይንኩት። ቀጥሎ ያልተነፈሰውን።»

ነኩ። ያልተነፈሰው ሞቅ ብሏል፤ የተነፈሰው ግን መዳፋቸውን ለበለባቸው። ቢሆንም ሽማግሌ በአንድ መዳፍ አይረታም።

«ታዲያ ይህ ሁሉ ሹፌር ተሳስቷል? ፀሐዩን አታዪም?»

«ፀሐዩ ብቻውን አይደለም፣ ኦቦ። ሽቦ ደጋግመው ሲያጥፉት ይግል የለ? ንፋስ ያነሰው ጎማም ጭነት ሲያርፍበት እየተጣጠፈ ከውስጥ ይግላል። ሲሄዱ ንፋሱ ትንሽ መጨመሩ ፋብሪካው ያሰበበት ነው። የሚለካው ጠዋት፣ ጎማው ሳይሞቅ ነው። ልኩም በርዎ ጠርዝ ላይ ተጽፏል።»

«በየቀኑ የምከፍተው በር ላይ?»

ይህን ጊዜ ሎዛ ልጇን አቅፋ ወረደች። «አባዬ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ። ጎማው እስኪታይ ጥላው ሥር ነኝ።»

አቶ ሌንጂሳን ከክርክሩ ሁሉ ይህ ወጋቸው። ተንበርክከው ከቤዚ ጋር የጋለውን ጎማ ዳሰሱ። በውስጠኛው ጎኑ እንቁላል የሚያህል እብጠት ወጥቶበታል። ሎዛ የተቀመጠችው በዚህ ጎማ ተማምና ነበር።

«መጠባበቂያውን አውርጂልኝ» አሉ። «ዳግመኛ ሚስማር አልነካም።»

ኩርሙክ ሲደርሱ ሎዛን ባሏ ቤት አድርሰው እዚያው ወደሚኖረው ወንድማቸው ቶኩማ ሄዱ። «እግርህን የወሰደው ፀሐይ አይደለም» አሉት፤ እንባቸው ቀደማቸው። «የኔ ሚስማር ነው።»

ቶኩማ መዳፉን ዘረጋ። «ሚስማሩ የታለ?»

«ይኸው። ነገ ዛፉ ሥር ቆሜ ሹፌሩን ሁሉ እለምናለሁ።»

«እኔንም ውሰደኝ። አንተን ባያምኑ እኔን ያዩኛል።»

ዛሬ የዚያ መስመር ሹፌሮች ጎማቸውን ጠዋት ይለካሉ። በየወሩ ጎማ መግዛት ቀርቷል፤ ተሳፋሪውም በሰላም ከቤቱ ይገባል። ዛፉ አሁንም «መተንፈሻ» ነው፤ ሰዉ ወርዶ ውሃ ይጠጣበታል። ሚስማር የሚያወጣ ሹፌር ከተገኘ ግን ቶኩማ ክራንቹን ያነሳበታል።