ተመልሶ የመጣው ዶሮ

አሶሳ፣ መሬት አስተዳደር ቢሮው በር ላይ ዶሮ የታቀፈች ሴት ባጃጃችን ውስጥ ገባች። አጠገቤ ያለችው ወጣት ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ዶሮው አልሸጥ አለ?»

«የሚሸጥ አይደለም፣ ለኃላፊው ነበር። አልቀበልም አለኝ፤ ያውም የእህቴ ልጅ ሆኖ!»

«ጉዳይዎስ?»

«ካርታ የለውም ተብሎ ቤቴ ሊፈርስ ነው ብዬ ለመንኩት። ጉልበቴን ስሞ፣ ወንበር ተሸክሞልኝ፣ የሰልፉ መጨረሻ ላይ አስቀመጠኝ።»

«አክስቱን?»

«አክስቱን! ልረግመው ስል ከፊቴ የተሰለፈችው ሴትዮ ዞረች። እህቴ ናት።»

«የወለደችው?»

«የወለደችው! ‹አንቺንም?› አለችኝ።»

«ወይ ጉድ! ከዚያስ?»

«ተራችን ሳይደርስ ሰዓት አለቀ። ነገ በጠዋት አብረን እንሰለፋለን።»

«ዶሮውስ?»

«ዛሬ ማታ እሠራዋለሁ፤ እሱም እናቱም ይመጣሉ።»

መውረጃዬ ካለፈ ቆይቶ ነበር፤ እኔ ግን ሴትዮዋ እስክትወርድ አብሬያት ሄድኩ።