ረግረግ ውስጥ የጨበጥኩት ዶቅማ

ከደብረ ታቦር ወጣ ብሎ በሚገኝ ትምህርት ቤት የአካባቢ ጥበቃ ክበብ ተማሪዎች የዶቅማ ችግኝ ከዘር እያፈሉ፣ ደርቆ የነበረ ረግረግ እንዲያገግም ዳር ዳሩን እየተከሉ መሆኑን ሰምቼ ለዘገባ ሄድኩ። መምህራቸው "ውሃ መያዝ ጀምሯል፤ ከዳር ሆነው ይዩት" አሉኝ። እኔ ደግሞ በወሬ አልጽፍም። "በእግሬ ረግጬ ካላረጋገጥኩማ አይሆንም" ብዬ ገባሁ።

ብዙም ሳልራመድ እስከ ጉልበቴ ሰጠምኩ። ውሃ መኖሩ ተረጋገጠ። ለመውጣት ስፍጨረጨር አጠገቤ ያገኘሁትን ቀጭን ግንድ ጨበጥኩ። ተማሪዎቹ በአንድ ድምፅ "ኧረ ጋሼ! ኧረ ጋሼ!" ብለው ጮኹ። እንዲህ የተጨነቀልኝ ሰው ስለማላስታውስ ደስ አለኝ።

"አይዟችሁ ልጆች፣ ደህና ነኝ" አልኳቸው።

"ለእርስዎማ አይደለም!" አለች የክበባቸው መሪ። "ሁለት ክረምት ያሳደግነውን ዶቅማ ይልቀቁልን!"

ለቀቅኩትና ጭቃው ላይ ዘጭ አልኩ። ልጅቷ ድንጋይ ድንጋዩን እየረገጠች መጣች፤ እኔን አልፋ የችግኙን ሥር ዳሰሰች።

"አልተነቀለም!" ስትል ሁሉም አጨበጨቡ። እኔን ለማውጣት እጅ የተዘረጋው ከጭብጨባው በኋላ ነው።