ፊውዝ የማይፈልገው ገመድ

ይግቡ ጋሼ፣ ይግቡ። እንዴት ዋሉ? ቤት ደህና? ኧረ በዚያ በርጩማ እንዳይቀመጡ! አንድ እግሩ ወልቆ እንዲሁ አስደግፌ ያቆምኩት ነው። የሰው በር ስበይድ የራሴን በርጩማ የምበይድበት ቀን አጣሁ። እዚህ ጎማው ላይ አረፍ ይበሉ። ዝናቡም አባራ፣ ተመስገን።

ልጆቹስ? ያቺ ከኋላ ወንበር ሆና ምላሷን የምታወጣብኝ ሚጢጢ አሁንም አለች? ትደግ፣ ትደግ። ዐሥራ አንድ የሰው ልጅ ጠዋት ትምህርት ቤት አድርሶ ከሰዓት ለየቤቱ መመለስ ቀላል አደራ አይደለም። እኔ ጠዋት ስጸልይ የእርስዎን ሚኒባስ ዘልዬው አላውቅም፤ እውነቴን ነው። ለካ ያለ ነገር አልነበረም...

የበሩ ነገር ቀላል ነው። ከውስጥ አልከፈት ያለው ማጠፊያው ተሰንጥቆ በሩ ስለወረደ ነው፤ አንዲት ኤሌክትሮድ ትበቃዋለች። ግን እኔ መኪና ከመበየዴ በፊት ባትሪ እፈታለሁ። ሙያውን ያስተማረኝ ሰው ፊደል አልቆጠረም፣ እኔም ከሦስተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ ይህቺን ነገር ግን በጥፊ ስላስተማረኝ እስከ ዛሬ ጉንጬ ላይ አለች። እና ኮፈኑን ከፈትኩ...

ጋሼ! ሙዚቃ አስገጥመዋል ለካ! ደስ ሲል! ልጆቹ እየዘፈኑ ይሄዱልዎታላ። ማን ገጠመልዎ ብዬ አልጠይቅም። ምን አገባኝ? የተባረከ እጅ እንደሆነ ያስታውቃል። ያ ከባትሪው ተነስቶ ወደ ውስጥ የሚገባው ወፍራም ጥቁር ሽቦማ... ለድምፅ ብቻ ተብሎ ባሕር ማዶ የተሠራ ነው ተባሉ? እሰይ! ይህን ሁሉ መንገድ መጥቶ ደክሞት ይሆናል። እኔ ግን ሳየው የሥጋ ዘመዴን ያገኘሁ መሰለኝ። እስቲ ጎንበስ ይበሉ፤ እዚህ ጋ ላስቲኩ ቀልጦ በቀይ ናስትሮ ተጠቅልሏል፣ አዩት? የእኔም የብየዳ ገመድ የመጋዘን በር ስበይድ ፍንጣሪ ወድቆበት እንዲሁ ቀልጦ ነበር። እኔም በቀይ ናስትሮ ነው የጠቀለልኩት፤ ሦስት ዙር፣ ጫፉን በጥርሴ በጥሼ። ባሕር ማዶም ጥርሱ እንደ እኔ የተሸረፈ በያጅ አለ ማለት ነው። የፈጣሪ ሥራ አይገርምዎትም?

ገመድ ካነሳሁ አይቀር... ከወር በፊት አንድ ሰው ትርፉን የብየዳ ገመድህን ለአንድ ቀን አውሰኝ አለኝ። ለጎረቤት የማይሆን ነገር ለማን ይሆናል? ሰጠሁት። በማግስቱ እንዴት አድርጎ ጠቅልሎ መለሰልኝ መሰልዎ! እንደ ሙሽራ ጸጉር ተጎንጉኖ፣ መሃሉ በሲባጎ ታስሮ። አንጀቴን አራሰው፣ መረቅሁት። ኋላ የአንድ ደንበኛ አጥር ልበይድ ስዘረጋው አልደርስ አለኝ። ጎተትኩ፣ አልደርስ አለ። ገመዱማ እንዲህ አምሮ ተጠቅልሎ የመጣ ነው፣ እንዴት እጠረጥረዋለሁ? አጥሩ የራቀ መሰለኝ። እርጅናዬ ነው ብዬ ለባለቤቴ ነገርኳት፤ እሷም አዘነችልኝ።

ገመዱን አልነቅፍም፤ መዳቡ እንደ ጸጉር የቀጠነ፣ በፈለጉበት የሚታጠፍ። የእርስዎን ሙዚቃ መሸከምማ ለእሱ ጨዋታ ነው። እኔ መሃይሙ የፈለግኩት ፊውዙን ነው። ከባትሪው አጠገብ ፈለግኩ... የለም። እስከ ድምፅ ማጉያው ድረስ ምንጣፉን እየገለጥኩ ሄድኩ... የለም። ለካስ አዲስ ትምህርት ወጥቷል! ባለፈው ወር በዚህ ቆርቆሮ ግድግዳ በኩል አንድ ሰው ለረዳቱ ሲያስተምር ሰማሁ፦ «ፊውዝ ለቀጭን ሽቦ ነው። ይሄ የብየዳ እሳት ችሎ የኖረ ነው፤ አይቃጠልም!» እጄን በአፌ ጫንኩ። ስንት ዓመት ስበይድ ይህ ጥበብ ለእኔ አልተገለጠልኝም። ደግሞም አልዋሸም ጋሼ... ገመዱ ቶሎ አይቃጠልም። የሚቃጠለው መኪናው ነው። ገመዱማ ከአመዱ ተመዞ ይጠረግና ለሚቀጥለው ደንበኛ ይሆናል። ቁጥብ ሰው!

ይህን ቀዳዳ ደግሞ ይዩልኝ፣ ሽቦው ከሞተሩ ክፍል ወደ እግርዎ የሚያልፍበትን። የላስቲክ ቀለበት አላደረገለትም፤ የተበሳ ባዶ ቆርቆሮ ነው። ጣቴን ብሰድበት ይኸው፣ ደም። ሽቦውን ግማሽ ድረስ በልቶታል። እርስዎ ጉድጓድ በገቡ ቁጥር ይፍቀዋል። አንድ ቀን መዳቡ ወጥቶ ቆርቆሮውን ሲነካ... ጋሼ፣ ያ ገመድ ዐሥር ዓመት ከእኔ ጋር በይዷል፤ ሙያውን የረሳ ይመስልዎታል? እዚያው እግርዎ ሥር ይበይዳል። የሚያስቆመው ፊውዝ የለ። እርስዎ እንኳ በፊት በር ይዘላሉ። ዐሥራ አንዱ ልጅ ደግሞ... ከውስጥ በማይከፈተው በር።

ምነው፣ ከግድግዳው ማዶ የጎረቤቴ ትራፓኖ ዝም አለ? ምሳ ይሆናል። ጮክ ብዬ ስላወራሁ ይቅር ይበሉኝ፤ የመዶሻ ድምፅ ጆሮዬን አደንቁሮት ነው።

በሩን አሁን እበይድልዎታለሁ። የፈታሁትን ባትሪ ግን መልሼ አላስርም። ይቀየሙኝ፣ አላስርም። ልጆቹ የሚለቀቁት በዘጠኝ ሰዓት አይደል? ፊውዝ ከባትሪው ሥር ለማስገባት፣ ቀዳዳውን ላስቲክ ለማልበስ ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። ሩቅ መሄድም የለብዎ። እዚሁ ጎረቤት አንድ መደርደሪያ ሙሉ ፊውዝ ተሰቅሏል፤ እኔ እስከ ዛሬ ለጌጥ ይመስለኝ ነበር።

ሰው ላይ ክፉ አልመኝም፤ ፈጣሪዬ ያውቃል። እንደውም ዛሬ በጸሎቴ ላስበው ነው፣ ያንን እጁ የተባረከ ሰው። መኪና ይስጠው፤ አዲስ፣ ሰፊ፣ ባለ ትልቅ ድምፅ። ሽቦውን ባዕድ አይንካበት፤ በገዛ እጁ፣ ልክ ለሰው እንደሚዘረጋው አድርጎ ይዘርጋው። ሚስቱን ከፊት፣ እነዚያን እንደ መላእክት የሚያምሩ ሁለት ልጆቹን ከኋላ አስቀምጦ፣ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ፣ ረጅም መንገድ ይንዳበት። ለሰው ያደረገውን ሁሉ፣ አንድ ሳይጎድል፣ ለእሱም ያድርግለት።

አሜን ይበሉ እንጂ ጋሼ።

...ከማዶስ?