ወይዘሮ ማርሊዝ እና የዋዜማው ሊጥ

ወይዘሮ ማርሊዝ ኦስተርታግ ባለፈው ሰኞ በዚሁ አደባባይ ቆመው ከብዙዎቻችን ጋር ሲሳሳቁ የነበሩ በመሆናቸው፣ ይህን የሕይወት ታሪካቸውን መጻፍ ለቤተሰቡ እጅግ ከብዶታል።

ወይዘሮ ማርሊዝ ከአባታቸው ከዳቦ ጋጋሪው ከአቶ አልፎንስ እና ከእናታቸው ከወይዘሮ ኤርና፣ በፈረንሳይ አገር በአልዛስ፣ በዚሁ በክሌንዶርፍ መንደር በ1951 ተወለዱ። በመንደራችን ትምህርት ቤት ተምረው እንደ ጨረሱ የአባታቸውን ሙያ ቢመኙም፣ አባታቸው “ምድጃ የወንድ ነው፤ አንቺ ሽጪ” ብለው ከመሸጫው ጠረጴዛ ኋላ አቆሟቸው። በአሥራ ሰባት ዓመታቸው ግን የቅዱስ ኒኮላስ በዓል ሊገባ ሲል አባታቸውን በረዶ አዳልጧቸው ክንዳቸው ተሰበረ፤ በዓሉም በወተትና በቅቤ ተለውሶ በሰው አምሳል ከሚጋገረው ጣፋጭ ዳቦ፣ ከማኔሌ ውጭ የማይታሰብ ነበርና፣ ማርሊዝ ማንንም ሳያስፈቅዱ ሊጡን አቡክተው፣ እጅና እግሩን በመቀስ ሰንጥቀው፣ በዘቢብ ዓይን አበጅተውለት ጋገሩ። አባታቸው አንዱን አንስተው ካገላበጡ በኋላ፣ “አንገቱ ቀጥኗል፤ ሕፃን ሲይዘው ይቆረጣል” አሉ።

“ሌላውስ፣ አባዬ?”

“ሌላውማ ይበላል። ነገም አንቺው ጋግሪ።”

እናታቸው ወይዘሮ ኤርና፣ “አልፎንስ ከዚህ በላይ ማንንም አመስግኖ አያውቅም” እያሉ ይህን እስከ ዕድሜያቸው ፍጻሜ ይተርኩ ነበር።

በ1974 ከፖስተኛው ከአቶ ፈርናንድ ኦስተርታግ ጋር ትዳር መሥርተው ሶላንዥንና ሬሚን ወለዱ፤ አቶ ፈርናንድ ቀድመዋቸው ሲያርፉም፣ በቀብሩ ማግስት ከአባታቸው የተረከቡትን ዳቦ ቤት ከፍተው ሐዘናቸውን በሥራ ተወጡት። ሬሚ ከጎናቸው ሲሠራ ኖሮ፣ ማኔሌውን የሚቆርጥ መሣሪያ እንግዛ ባላቸው ጊዜ “ሁሉም አንድ መልክ ያለው ሰው የት አይተሃል?” ብለው እንቢ በማለታቸው፣ ልጁ ተቀይሞ ስትራስቡርግ ከተማ ገባ፤ ለዓመታትም ከፋሲካ በቀር አልተያዩም። ዘንድሮ በመከር ግን መጥቶ ከበሩ ቆመና፣ “እማዬ፣ ለእኔ የሚሆን ሥራ አለሽ?” አላቸው። እሳቸውም ቀና ሳይሉ፣ “ሽርጥህ ከበሩ ኋላ ተሰቅሏል” አሉት። ሽርጡ ታጥቦና ተተኩሶ ነበር።

ማክሰኞ፣ የበዓሉ ዋዜማ ማለዳ፣ እናትና ልጅ ጎን ለጎን ሆነው ማኔሌ ሲቀርጹ፣ ወይዘሮ ማርሊዝ “ትከሻዬን ወጋኝ” አሉ። ሬሚ ሐኪም ልጥራ ቢላቸው፣ “ሐኪም ከበዓሉ በኋላም አይጠፋም፤ አሁን ትሪ አቀብለኝ” አሉት። ትሪውን ይዞ ሲዞር ሊጡ በእጃቸው እንዳለ ወድቀው አገኛቸው። ታመው የማያውቁት ሴት በሰባ ሁለት ዓመታቸው፣ ሐኪም ሳይደርስላቸው ልባቸው ቀጥ አለች።

ጎረቤታቸው ወይዘሮ ዦርዤት ዘንቢላቸውን ይዘው መጥተው መርዶውን ሲሰሙ፣ “ምን ማለታችሁ ነው? ትናንት እኮ ሁለት ማኔሌ አስቀምጪልኝ ብያት እሺ ብላኛለች” ብለው ከበሩ አልነቃነቅ አሉ። ሶላንዥ ደርሳ በግማሽ የተቀረጸውን ሊጥ ስታይ፣ “ጣሉልኝ፤ ማየት አልችልም” አለች። ሬሚም “እጇ ያረፈበትን አልጥልም” አላት። ወዲያው እኅቲቱ እጅጌዋን ሰብስባ ከጎኑ ቆመችና የቀረውን አብረው ቀርጸው ጋገሩት፤ ብዙው ተጣሞ ወጣ። በበዓሉ ጠዋት የትምህርት ቤቱ ሕፃናት እንደ ወትሮው ተሰልፈው ማኔሌያቸውን ተቀበሉ፤ ከመካከላቸው አንዲት ልጅ “ወይዘሮ ማርሊዝስ?” ብላ ጠየቀች።

ወይዘሮ ማርሊዝ ሁለት ልጆችን፣ ሦስት የልጅ ልጆችን፣ አንድ ታናሽ ወንድምን እና በእጃቸው ዳቦ ያደገ አንድ መንደር ትተው ሄደዋል። ሳንሰናበታቸው የጠራቸው አምላክ ነፍሳቸውን ከደጋጎች ጋር ያሳርፍ፤ እኛንም የሆነውን እስክናምን ድረስ ይታገሠን። አሜን።